ቁጥሩ ምን ይመሰክራል? የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች የላቦራቶሪ ምርመራ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ)



የዛሬው ርእሳችን የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ርእሱ ጠባብ ይመስላል፤ በሽታውም ከብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች ጋር ሲነጻጸር በጥቂት ሰዎች ላይ የሚታይ ነው። ሆኖም ሐኪሙ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውና ታማሚው ምን ያህል እርስ በርሳቸው እንደሚፈላለጉ እንደዚህ በሽታ አጉልቶ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ላስረዳ የምፈልገው ዋና ሐሳብም አንድ ነው፦ በዚህ በሽታ ምርመራ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ናሙናው ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ነው። ስለዚህ የምርመራ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ ስናይ «ምን ይለካል?» ብቻ ሳይሆን «ቁጥሩን ከበሽታው ሌላ ምን ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል?» ብለንም እንጠይቃለን።

በሁለቱም ትርጉም ዕጢ

በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። የታይሮይድ ዕጢ ስንል ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤናማ የአካል ክፍል ማለታችን ነው፤ የካንሰር ዕጢ ስንል ደግሞ ያለ ሥርዓት የበዙ ሕዋሳት የፈጠሩትን እብጠት ማለታችን ነው። ይህ የቃል መደራረብ በሌላ ቦታ ያደናግር ይሆናል፤ በዛሬው ርእሳችን ግን የበሽታውን ጠባይ በትክክል ይገልጻል። የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ያለ ሥርዓት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ሆርሞን ያመነጫል። የላቦራቶሪ ምርመራው በሙሉ የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ጠባዮች ላይ ነው፤ ምርቱን በደምና በሽንት እንፈልጋለን፣ ዕድገቱን በኅብረ ሕዋሱ ላይ እንቆጥራለን።

ዕጢዎቹ የሚነሡት የነርቭንም የሆርሞን አመንጪንም ጠባይ አጣምረው ከያዙ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በጨጓራ፣ በትንሹና በትልቁ አንጀት፣ በቆሽት፣ በሳንባና በሌሎችም የአካል ክፍሎች ተበታትነው ይገኛሉ። የሙኒኩ የፓቶሎጂ ሊቅ ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር በ1907 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በትንሹ አንጀት ላይ ያያቸውን እነዚህን ዕጢዎች «ካርሲኖይድ»፣ ማለትም ካንሰር መሰል፣ ሲል ሰየማቸው። በቀስታ ስለሚያድጉ ጉዳት የሌላቸው መስለውት ነበር፤ በ1929 ግን ወደ ሌላ አካል ሊሠራጩ እንደሚችሉ ራሱ አረጋገጠ። ፈረንሳዊው ፒየር ማሶን በ1914 የዕጢዎቹ ሕዋሳት የብር ጨውን ወስደው እንደሚጠቁሩ በማሳየት ከሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት ጋር ያላቸውን ዝምድና ገለጠ። በ1953 ደግሞ ኦስትሪያዊው ፍሬድ ሌምቤክ ከዕጢው ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘ። ከዚያ ወዲህ በሽታውን በማይክሮስኮፕ ብቻ ሳይሆን በኬሚካዊ ምርቱም መፈለግ ተቻለ።

ታማሚው የሚያቀርባቸው ምልክቶች ግን በቀላሉ ወደ ሌላ በሽታ ይመራሉ። ሴሮቶኒን አመንጪ ዕጢ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ድንገተኛ የፊት መቅላትና ሙቀት፣ አንዳንድ ጊዜም አስም የሚመስል የትንፋሽ ሲርሲርታ ያስከትላል። በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በዓይን ላይታይ ስለሚችል «ፊትዎን ድንገት ያግልዎታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ከአንጀት የሚወጣው ደም በመጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነው፤ ጉበትም ሆርሞኑን ይሰባብረዋል። ምልክቶቹ ጎልተው የሚታዩት በአብዛኛው ዕጢው ወደ ጉበት ከተሠራጨ በኋላ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «የጨጓራ ነው»፣ «የአንጀት መቆጣት ነው» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ታማሚውን ውድ ዋጋ ሊያስከፍለው ይችላል።

ክሮሞግራኒን ኤ፦ ስለ ብዙ ነገር የሚናገር ፕሮቲን

የኒውሮኢንዶክራይን ሕዋሳት ሆርሞናቸውን የሚያከማቹት በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። በእነዚህ ከረጢቶች ውስጥ ከሆርሞኑ ጋር ክሮሞግራኒን ኤ የተባለ፣ 439 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ይገኛል። ከረጢቱ ይዘቱን ወደ ደም ሲያፈስ ይህም ፕሮቲን አብሮ ይወጣል። ዕጢው ምልክት የሚሰጥ ሆርሞን ባያመነጭ እንኳ ክሮሞግራኒን ኤ ሊያወጣ ይችላል፤ ተፈላጊነቱም ከዚህ የመጣ ነው።

መለኪያው የተመሠረተው በአንቲቦዲ ላይ ነው። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢንሱሊንን በሬዲዮ ጨረር ምልክት በተደረገበት ሆርሞንና በአንቲቦዲ አማካይነት መለካት ሲችሉ፣ በደም ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኙ ሆርሞኖችን የመለካት በር ተከፈተ፤ ያሎው በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀበለችበት። ዛሬ በአብዛኛው የምንጠቀመው ሁለት አንቲቦዲዎችን ነው፤ አንዱ ፕሮቲኑን ይይዘዋል፣ ሌላው ቀለም ወይም ብርሃን በመስጠት መጠኑን ያሳውቃል። የተለያዩ አምራቾች አንቲቦዲዎች ግን የፕሮቲኑን የተለያየ ክፍል ስለሚይዙ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። አንድን ታማሚ ለዓመታት የምንከታተል ከሆነ በአንድ ዘዴ፣ ቢቻል በአንድ ላቦራቶሪ መለካት ይኖርብናል። አለዚያ ዘዴው መለወጡን በሽታው የተባባሰ ወይም የተሻለ አድርገን እናነበዋለን።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ የጨጓራ አሲድን ይቀንሳሉ። አሲዱ ሲቀንስ ሰውነት ጋስትሪን የተባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ ጋስትሪን ደግሞ በጨጓራ ግድግዳ ላይ ያሉትን ጤናማ የኒውሮኢንዶክራይን ሕዋሳት ያነቃቃል፤ እነርሱም ክሮሞግራኒን ኤ ያወጣሉ። ስለዚህ ምንም ዕጢ የሌለበት ሰው መድኃኒቱን በመውሰዱ ብቻ ከፍተኛ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። የጨጓራ ግድግዳ በመሳሳቱ አሲድ ማመንጨት ያቆመ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ለዚህ መሳሳት አንዱ ምክንያት ለረጅም ጊዜ የቆየ የኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፕሮቲኑን ከደሙ ማስወገድ ስለሚሳነው ቁጥሩ ይጨምራል፤ የልብና የጉበት ድካምም ያንኑ ሊያስከትል ይችላል።

ይህን ወደ እኛ አገር ሁኔታ እናምጣው። የጨጓራ ሕመም የብዙ ሰው ቅሬታ ነው፤ ኦሜፕራዞልም ብዙ ጊዜ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ይህ ታማሚ ግን የደበቀው ነገር የለም፣ የሚወስደውን የጠየቀው ሰው ነው የጠፋው። መድኃኒቱ በሐኪም ፈቃድ ከምርመራው 2 ሳምንት ያህል አስቀድሞ ካልተቋረጠ ውጤቱን መተርጎም አስቸጋሪ ይሆናል።

«ጥርጣሬ ባይኖርም ለሁሉም ብንመረምር ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎች ይነሣል። በምሳሌ እናስላው። ከ10,000 ሰዎች መካከል 10ሩ በሽታው አለባቸው እንበል። ምርመራው በሽታው ካለባቸው 80 በመቶውን የሚያገኝ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 90 በመቶውን በትክክል ነጻ የሚል ይሁን። ከ10ሩ 8ቱ ይገኛሉ። ከቀሩት 9,990 ጤነኞች ግን 999ኙ በስሕተት «አለባቸው» ይባላሉ። በአጠቃላይ 1,007 ሰዎች ይደነግጣሉ፤ በሽታው በእርግጥ ያለባቸው ከእነርሱ 8ቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ለራጅ፣ ለኢንዶስኮፒና ለተጨማሪ ወጪ ይዳረጋሉ። ክሮሞግራኒን ኤ በሽታው የተረጋገጠበትን ሰው ለመከታተል ይረዳል፤ ጤነኛውን ከታማሚው ለማበጠሪያነት ግን አይሆንም።

የ24 ሰዓት ሽንትና የታማሚው ማዕድ

ሴሮቶኒን የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከተባለው የምግብ አሚኖ አሲድ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ወደ 5-ሃይድሮክሲኢንዶልአሴቲክ አሲድ ተለውጦ በሽንት ይወጣል። በጤናማ ሰው ለሴሮቶኒን የሚውለው ትሪፕቶፋን 1 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ሥርጭቱ ሰፊ በሆነ ዕጢ እስከ 60 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ሰውነት ከትሪፕቶፋን የሚሠራው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን በዚህ ምክንያት ሲጓደል ታማሚው ፔላግራ በተባለው የቆዳና የአንጀት በሽታ ሊያዝ ይችላል።

ምርመራው የ24 ሰዓት ሽንት ይጠይቃል። ታማሚው ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት ያስወግዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የማግስቱን የጠዋት ሽንት ጨምሮ፣ ያጠራቅማል። ንጥረ ነገሩ እንዳይበላሽ በመያዣው ውስጥ አሲድ ይጨመራል፤ ዕቃውም ከብርሃን ተከልሎ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። አሲድ ባለበት ዕቃ ላይ በቀጥታ መሽናት አደገኛ መሆኑን፣ በሌላ ንጹሕ ዕቃ ተቀብሎ መገልበጥ እንደሚገባ ታማሚው በቃል ሊነገረው ይገባል። ክምችቱ ሙሉ መሆኑን ለመገመት ክሪያቲኒን አብሮ ይለካል።

ከምርመራው በፊት ለ3 ቀናት ያህል ሴሮቶኒን የበዛባቸው ምግቦች መቅረት አለባቸው። ከእነርሱ መካከል ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አናናስ፣ ቲማቲምና ዋልነት ይገኙበታል። ከውጭ የተገኘን የመመሪያ ወረቀት እንዳለ ተርጉመን ብንሰጥ ታማሚው ዋልነት አለመብላቱን አስታውሶ «ጠብቄአለሁ» ይላል፤ ጠዋት ግን አቮካዶ ያለበት ስፕሪስ ጠጥቷል፣ ወቅቱ ጾም ስለሆነም ምሳውን ቲማቲም ፍትፍት በልቷል። መመሪያው የታማሚውን ማዕድ በስሙ መጥራት አለበት። መድኃኒቶችም እንዲሁ መጠየቅ አለባቸው፤ ጓይፌኔሲን ያለባቸው የሳል ሽሮፖችና ፓራሲታሞል በአንዳንድ ዘዴዎች ቁጥሩን ሊያዛቡ ይችላሉ፤ ለፓርኪንሰን በሽታ የሚሰጠው ሌቮዶፓ ደግሞ ሊቀንሰው ይችላል።

የቀድሞው መለኪያ በቀለም ለውጥ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ከመድኃኒቶች ጋር በቀላሉ ይምታታ ነበር። ዛሬ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ንጥረ ነገሮቹን አንዱን ከሌላው ለይተን፣ በኤሌክትሮኬሚካል መለኪያ ወይም በማስ ስፔክትሮሜትር እንለካቸዋለን። ይህ የመምታታቱን ችግር በእጅጉ ቀንሶታል፤ የምግቡን ችግር ግን ምንም መሣሪያ አይፈታውም። ከሙዝ የመጣው ሴሮቶኒን ወደዚያው አሲድ ይለወጣልና መሣሪያው ያገኘው ነገር በእርግጥ በሽንቱ ውስጥ ያለ ነው። መለኪያው ትክክል ሆኖ ሳለ ትርጓሜው ስሕተት ይሆናል።

የተቃራኒውንም ማወቅ ይገባል። ከትልቁ አንጀት መጨረሻ የሚነሡ ዕጢዎች አብዛኞቹ ሴሮቶኒን አያመነጩም። ስለዚህ የሽንቱ ውጤት ትክክለኛ ሆኖ መገኘቱ በሽታው የለም ማለት አይደለም።

በስማቸው የሚፈለጉ ሆርሞኖች

አንዳንድ ዕጢዎች ራሳቸውን በአንድ ሆርሞን ያሳውቃሉ። ሦስት ምሳሌ ልስጥ።

የመጀመሪያው ከቆሽት የሚነሣው ኢንሱሊን አመንጪ ዕጢ ነው። የታማሚው ስኳር ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል። ለማረጋገጥ በሆስፒታል ውስጥ፣ በባለሙያ ክትትል፣ እስከ 72 ሰዓት የሚደርስ ከምግብ የመከልከል ምርመራ ይደረጋል። ምልክቱ በታየበት ሰዓት ስኳሩ ከ55 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ ኢንሱሊንም ማነስ ነበረበት። ኢንሱሊኑ 3 ማይክሮዩኒት በሚሊሊትርና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሲ-ፔፕታይድም 0.6 ናኖግራም በሚሊሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውነት ሳያስፈልገው ኢንሱሊን እያመነጨ ነው። በመርፌ የተወሰደ ኢንሱሊን ሲ-ፔፕታይድ ስለሌለው ሁለቱን አብሮ መለካት ምንጩን ይለያል። ቆሽትን የሚያነቃቁ የስኳር እንክብሎች ግን ሁለቱንም ስለሚጨምሩ ለብቻቸው መመርመር አለባቸው። እዚህ ላይ የናሙና አያያዝ ወሳኝ ነው፤ ያልተለየ ደም ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ የደም ሕዋሳቱ ስኳሩን እየበሉት ይሄዳሉ። የዘገየ ናሙና ጤነኛውን ሰው ስኳሩ የወረደ ያስመስለዋል። ቀይ የደም ሕዋሳቱ ከፈረሱ ደግሞ ኢንሱሊኑ ይሰባበራል።

ሁለተኛው ሮበርት ዞሊንገርና ኤድዊን ኤሊሰን በ1955 የገለጹት፣ በጋስትሪን አመንጪ ዕጢ የሚመጣው ከባድ የጨጓራና የአንጀት ቁስለት ነው። ጋስትሪን ከ1,000 ፒኮግራም በሚሊሊትር በላይ ሆኖ የጨጓራው ፒኤች ከ2 በታች ከሆነ ምርመራው ወደ ዕጢው ያመለክታል። ፒኤቹ ሳይለካ ጋስትሪን ብቻውን ያሳስታል፤ አሲድ የሌለው ጨጓራም ጋስትሪንን እጅግ ከፍ ያደርጋልና። አስቸጋሪው ነገር ኦሜፕራዞል እዚህም መምጣቱ ነው። መድኃኒቱ ካልተቋረጠ ቁጥሩ አይታመንም፤ ዕጢው በእርግጥ ላለበት ሰው ግን መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ቁስለቱን ሊያደማውና ሊበሳው ይችላል። ስለዚህ «ሁልጊዜ አቋርጡ» የሚል መመሪያ ለላቦራቶሪው ቢመችም ለታማሚው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው በቅርብ ከሚከታተለው ሐኪም ጋር የሚወሰድ ነው።

ሦስተኛው ከአድሬናል ዕጢ የሚነሣው ፊዮክሮሞሳይቶማ ነው፤ የደም ግፊትን በድንገት ያንራል። አድሬናሊን ወደ ደም የሚወጣው በየጊዜው ሲሆን፣ በዕጢው ውስጥ ወደ ሜታኔፍሪን መለወጡ ግን ያለማቋረጥ ይካሄዳል፤ ስለዚህ የምንለካው ሜታኔፍሪንን ነው። ታማሚው ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በጀርባው መተኛት አለበት። ተቀምጦ የተቀዳ ደም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ይህ ዝግጅት አንድ አልጋና ትንሽ ትዕግሥት እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ቃል ከኅብረ ሕዋሱ ነው

በደምና በሽንት የተገኘው ሁሉ ጥርጣሬውን ያጠነክራል ወይም ያላላል፤ የዕጢውን ማንነትና ደረጃ የሚወስነው ግን በአብዛኛው የኅብረ ሕዋስ ምርመራ ነው። በአገራችን ይህ ልዩ ትርጉም አለው። ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት አካባቢ የሚታይ እብጠት የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዕጢም የሚያዘወትረው ያንኑ አካባቢ ነው። ሁለቱን በግምት መለየት አይቻልም።

ናሙናው እንደተወሰደ በ10 እጥፍ መጠን ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። የዘገየ ወይም ፎርማሊን ያነሰው ናሙና ይበሰብሳል፤ በኋላ የሚመጣ ውድ ኬሚካል ያንን አይመልሰውም። በተለመደው የሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ቀለም ሲታዩ ሕዋሳቱ በጎጆና በረድፍ ተሰባስበው፣ የኑክሊየሳቸው ይዘት ጨውና በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎ ይታያል። ከዚያ በአንቲቦዲ በሚደረግ ማቅለም ሲናፕቶፊዚንና ክሮሞግራኒን ኤ ይፈለጋሉ። ዕጢው የተገኘው በጉበት ላይ ሆኖ መነሻው ካልታወቀ፣ ሲዲኤክስ2 ወደ አንጀት፣ ቲቲኤፍ-1 ወደ ሳንባ፣ አይስሌት-1 ወደ ቆሽት ሊያመለክቱ ይችላሉ።

ቀጥሎ ደረጃው ይወሰናል። ለዚህ የሚያገለግለው ኪ-67 ስሙን ያገኘው በ1983 ከተገለጸባት ከጀርመኗ ኪል ከተማ ነው፤ በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትን ያሳያል። በዓለም ጤና ድርጅት የምግብ መፍጫ አካላት ዕጢዎች አመዳደብ መሠረት፣ ኪ-67 ከ3 በመቶ በታች ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ3 እስከ 20 ከሆነ ደረጃ 2፣ ከ20 በላይ ከሆነ ደረጃ 3 ይባላል። ከ20 በላይ ሲሆን ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሕዋሳቱ ቅርጻቸውን የጠበቁ ናቸው ወይስ ፍጹም የተዛቡ? የኋለኛው የኒውሮኢንዶክራይን ካርሲኖማ ይባላል፤ አካሄዱም ሕክምናውም የተለየ ነው።

እዚህ ላይ መቁጠር እንጂ መገመት አይበቃም። ክፍፍሉ በብዛት በሚታይበት ቦታ ቢያንስ 500 ሕዋሳት ይቆጠራሉ። ከ500ው 14ቱ ቢቀልሙ 2.8 በመቶ ነው፣ ደረጃ 1፤ 15ቱ ቢቀልሙ 3 በመቶ ነው፣ ደረጃ 2። የአንድ ሕዋስ ልዩነት የታማሚውን ደረጃ ይለውጣል። ውድ ሶፍትዌር ባይኖር እንኳ ቦታውን በማይክሮስኮፕ ካሜራ ፎቶ አንስቶ፣ በወረቀት አትሞ፣ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረጉ መቁጠር አስተማማኝ ዘዴ ነው።

መሣሪያውም ወሰን አለው

የመሣሪያውን ወሰን ሳልጠቅስ አላልፍም። በሁለት አንቲቦዲ በሚሠራ መለኪያ፣ የሚፈለገው ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ ሲበዛ ሁለቱም አንቲቦዲዎች ለየብቻ ይያዙና ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ይላል። ዕጢው ትልቅ ሆኖ ውጤቱ ትንሽ ከሆነ ናሙናውን አቅጥኖ እንደገና መለካት መፍትሔው ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲንም በእርሱ የሚሠሩ መለኪያዎችን ያዛባል። ሁለቱንም ችግሮች መሣሪያው በራሱ አይነግረንም፤ የሚነግረን ከታማሚው ሁኔታ ጋር ያልተስማማ ውጤት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሁሉ የምትይዙት ነገር በአንድ የምርመራ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ሊሰፍር የሚችል ነው። ሐኪም ስትሆኑ ቅጹን በጥድፊያ አትሙሉት፤ የምትጠረጥሩትን በሽታ፣ ታማሚው የሚወስደውን መድኃኒት፣ ባለፉት 3 ቀናት የበላውን፣ ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓትና ሁኔታ ጻፉ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ስትሆኑ ባዶ ቅጽ አትቀበሉ፤ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ፓቶሎጂስት ስትሆኑ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የቆጠራችሁትን የሕዋስ ብዛትና የተጠቀማችሁበትን ዘዴ አስፍሩ። እነዚህ ነገሮች አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም። ነገር ግን አንዱ ታማሚ የሌለበትን ካንሰር ተሸክሞ እንዳይጨነቅ፣ ሌላውም ያለበት ካንሰር «ጨጓራ» እየተባለ እንዳያድግበት ያደርጋሉ።